ዲዲቲ የተረጨበት ምርጊት የት ይድረስ?

ግንቦት ላይ ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ሸለቆ በሚወርደው ቆላ የእምዬን አሮጌ ቤት አፍርሰን አዲስ ልንሠራ ተሰብስበን ነበር። ክዳኑ ወረደ፣ ማገሩ ተለየ፣ ከዛ ምርጊቱ በዶማ እየተመታ በትልልቁ ይወድቃል፣ ልጆቹ በጆንያ እያፈሱ ወደ ጓሮ ይዘውት ይሄዳሉ። የአሮጌ ቤት ምርጊት ጎመን ላይ ሲደፋ እንዴት እንደሚያበቅል ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ጭስ የጠጣ አፈር ነው፣ እበት አለበት ጭድ አለበት፣ ማንም አይጥለውም። አንዱን ቁራጭ አንስቼ ሳየው እንደ መሶብ እንጀራ ተደራርቧል፣ ጭቃ፣ የእበት ልቅለቃ፣ ጥላሸት፣ እንደገና ልቅለቃ፣ በመሀሉ ደግሞ ነጣ ያለ ስስ ነገር። የበሩን ሳንቃ ገልብጠን ስናየው ጀርባው ላይ በቀለም የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፣ ወባ ማጥፊያዎች ናቸው የጻፉት፣ ቤቱ የተረጨበትን ቀን።

ያኔ ነው አጎቴን "አያ፣ ይሄን አፈር እስኪ ለጊዜው ጓሮ አያስደፉት" ያልኳቸው። "ምን ሆነ ደሞ?" አሉኝ። "ዲዲቲ አለበት፣ ለወባ ትንኝ ይረጩት የነበረው መርዝ።" ሳቁና "እሱማ ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን ምን ይቀራል፣ ሽታውም የለ" አሉኝ።

ብዙ ሰው የሚለው ይሄንኑ ነው። ሽታው ከጠፋ ነገሩም ጠፍቷል እንላለን፣ እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የማስበው። ስለዚ እዛ ቆሜ በአጭሩ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ነገሩ የእምዬ ቤት ብቻ አደለም፣ ወባ በነበረበት ቆላ ሁሉ አሮጌ ቤት እየፈረሰ ነው ያለው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ የረጩትን ሰዎች እየከሰስኩ አደለም። በፈረንጆቹ 1958 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአገራችንን ከፍታ ያላቸው ቦታዎች የመታው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን የሚሆን ሰው አሞ 150 ሺህ ያህሉን ገድሏል። ይሄን ያየ ትውልድ ግድግዳውን የሚያስረጨው ወዶ ነው፣ እምዬም ዕቃዋን ሁሉ ወደ ደጅ አውጥታ፣ ሊጡን ሸፍና፣ ዶሮዎቹን አባራ ነበር የምትጠብቃቸው። ዲዲቲ መጀመሪያ የተቀመመው በ1874 ነው፣ ነፍሳት እንደሚገድል ግን እስከ 1939 ድረስ ማንም አላወቀም ነበር፣ ያወቀው ፓውል ሙለር የሚባል የስዊዘርላንድ ኬሚስት ነው፣ ለዚሁ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ ያስወደደው ካላችሁ፣ አንዴ ግድግዳ ላይ ከተረጨ ለወራት እዛው ተቀምጦ ያረፈችበትን ትንኝ ሁሉ መግደሉ ነው። አይለቅም፣ ቶሎ አይበሰብስም። ያስወደደው ባህሪው ይሄ ነበር፣ በኋላ አሜሪካ በ1972 ለእርሻ እንዳይውል ያስከለከለውም ይሄው ባህሪው ነው።

ለምን አይበሰብስም? እበት ሜዳ ላይ ጥላችሁ በዓመቱ ብትመጡ አፈር ሆኗል። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያና ሻጋታዎች አሉ፣ እነሱ ናቸው የሚበሉት። እነዚህ ነገሮች ከጥንት ጀምሮ ሲበሉ የኖሩትን ነገር፣ ሳር፣ እንጨት፣ ሥጋ፣ ሰብረው ለመብላት የሚሆን መሣሪያ አላቸው። ፋብሪካ ውስጥ ካርበንና ክሎሪን አጥብቆ በማሰር የተሠራ ነገር ሲመጣባቸው ግን ከየት ይጀምሩት? ያ እስር ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ የሚፈታ አደለም። ዲዲቲ ቀስ ብሎ ሲሰበር ደግሞ አንዱ የሚለወጥበት ነገር ዲዲኢ ይባላል፣ እሱ ከዲዲቲም በላይ የሚቆይ ነው። እና "ፈረሰ" ሲባል ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል።

አፈር ውስጥ ያለ ዲዲቲ ግማሹ እስኪያልቅ እንደ አየሩና እንደ አፈሩ ዓይነት ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል ይባላል። ግማሹ የሚለውን ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። 10 ዓመት ብለን እንያዝና 8 ቁና ነበር እንበል፣ በ10 ዓመቱ 4 ቁና ይቀራል፣ በ20 ዓመቱ 2፣ በ30 ዓመቱ አሁንም 1 ቁና አለ። በየጊዜው የቀረው ይገመሳል እንጂ አንድ ቀን ድንገት ባዶ አይሆንም። ከዛ ላይ ደግሞ እምዬ ቤት በተደጋጋሚ ተረጭቷል፣ ፀሐይና ዝናብ የማይነካው ግድግዳ ውስጥ፣ በልቅለቃ ላይ ልቅለቃ ተደፍኖበት ነው የኖረው። ፀሐይ፣ እርጥበትና ባክቴሪያ ናቸው ከሰበሩ የሚሰብሩት፣ እኛ ደግሞ ከሦስቱም ደብቀን አስቀመጥነው ማለት ነው።

አጎቴ ቀጥለው "ጓሮ ቢደፋ እኮ ክረምቱ ያጥበዋል" አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጨው ቢሆን ያጥበው ነበር። ዲዲቲ ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ የሚሟሟው ቅባት ውስጥ ነው። ይሄን ለማስረዳት ከቅል ወይ ከእንስራ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። እርጎው ሲናጥ ምን ይሆናል? ቅቤው ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ አሬራው ከስር ይቀራል። ላሚቱ መርዝ ያለበት ሳር ወይ አፈር የነካው ገለባ በልታ ከሆነ ያ መርዝ ከቅባቱ ጋር ወደ ወተቷ ይወጣል፣ ወተቱ ሲናጥ ደግሞ አሬራውን ትቶ ከቅቤው ጋር ይሄዳል። ስንት ቅል ወተት ተንጦ ነው አንድ ቅል ቅቤ የሚወጣው? እንግዲህ በዛ ሁሉ ወተት ተበትኖ የነበረው እዛች ቅቤ ላይ ተሰበሰበ ማለት ነው። ማንጠርም አያወጣው፣ ማንጠር የሚያወጣው ውሃውንና አጓቱን ነው።

ሰውነት ውስጥም እንዲሁ ነው። ውሃ የሚወድ መርዝ ቢሆን ኩላሊት ያጥበውና በሽንት ይወጣል። ቅባት የሚወደው ግን ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ እየተጠራቀመ። ጣና ላይ ብታዩት በደንብ ይገባችኋል፣ አልጌው ትንሽ ይይዛል፣ አልጌውን የሚበሉ ደቃቃ ነገሮች ዕድሜያቸውን ሙሉ አልጌ ሲበሉ የሁሉንም ይሰበስባሉ፣ ትንንሽ አሳ እነዛን ይበላል፣ ከነጭ አሳ ወገን ደግሞ ሌላ አሳ እየዋጡ የሚኖሩ አሉ፣ አሳ በሉ ንስር ከላይ መጥቶ እነሱን ይወስዳል። በየደረጃው ሥጋው ተቃጥሎ ጉልበት ይሆናል፣ መርዙ ግን ስለማይቃጠል ይቀራል። ስለዚ ውሃውን ብትመረምሩ ምንም የለም የሚያስብል ሆኖ ከላይ ያለው ወፍ ላይ በብዙ ሺህ እጥፍ ሊገኝ ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ንስሮችና ጭልፊቶች እንቁላላቸው እየሳሳ፣ እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥበት እየተሰበረ ዘራቸው ሊጠፋ የደረሰው በዲዲኢ ምክንያት ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑዊት የሚባሉት ሕዝቦችማ ፋብሪካም እርሻም የሌላቸው ናቸው፣ ግን በ1980ዎቹ የእናቶች ጡት ወተት ሲመረመር ፒሲቢ የተባለው የፋብሪካ ኬሚካል ከደቡብ ካናዳ እናቶች በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘባቸው። ኬሚካሉ ሞቃት አገር ላይ ይተናል፣ ከነፋስ ጋር ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ሲደርስ ይወርዳል፣ እነሱ ደግሞ የሚበሉት ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳና የዓሣ ነባሪ ስብ ነው።

እኛ አገርስ? ጅማ ከተማ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ላይ የእናትና የላም ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ ተገኝቶበታል፣ በ2013 የታተመ ጥናት ነው። እዚህ ጋ እናቶች እንዳትደነግጡብኝ በጣም እፈልጋለሁ። የጡት ወተት ጥቅሙ ከዚህ ስጋት በእጅጉ ይበልጣል፣ የጤና ባለሙያዎች አሁንም ጡት አጥቡ ነው የሚሉት። ይሄን የጠቀስኩት ግድግዳ ላይ የተረጨ ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ለማሳየት ነው። ከምርጊቱ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ሊምፖፖ ነው፣ እዛ ዲዲቲ በሚረጭባቸው ቤቶች ጓሮ የሚጭሩ ዶሮዎችና እንቁላሎቻቸው ተመርምረው መርዙ ተገኝቶባቸዋል። ዶሮ ስትበላ ጥሬ ብቻ አደለም የምትለቅመው፣ አፈርም ትውጣለች። እኔ "አያ ጓሮ አያስደፉት" ያልኩት በጎመኑ ብቻ አደለም፣ በዶሮዎቹ ነው ይበልጥ የፈራሁት።

እሺ፣ ሰው ሁሉንም መርዝ አንድ አድርጎ እንዳያይ አንድ ነገር መለየት አለበት። እኛ ጋ ሁሉም "መድሃኒት" ነው የሚባለው። የአረም መድሃኒት፣ የነቀዝ መድሃኒት፣ የምስጥ መድሃኒት። ቃሉ ራሱ ችግር ነው፣ መድሃኒት ያለው ሰው እጁን አይታጠብም። ግን ሁሉም እኩል አይቆዩም። ጤፍ ላይ የሚረጨው የአረም መድሃኒት ቱ ፎር ዲ አፈር ላይ በቀናት በሳምንታት ይፈርሳል፣ የነቀዝ መድሃኒት የሆነው ማላታይንም አፈር ላይ ቶሎ ይፈርሳል፣ ደረቅ እህል ላይ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጎተራ ውስጥ የሚገባው የፎስቶክሲን ኪኒንማ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፣ የሚቆይ አደለም፣ ግን ሰው የተኛበት ቤት ውስጥ ከሆነ በዛችው ሌሊት ይገድላል። ቶሎ የሚገድልና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲዲቲን ብዙ ሰው የናቀው ቶሎ ስለማይገድል ነው፣ የረጨው ሰው በማግስቱ ጤነኛ ሆኖ ገበያ ይወጣላ።

ስለ ቱ ፎር ዲ "ቬትናም ላይ የተረጨው ነው" የሚል ወሬም ስለሚሰማ እሱንም ልንካው። አሜሪካ ቬትናም ላይ ከ1961 እስከ 1971 ወደ 70 ሚሊዮን ሊትር ፀረ-አረም ረጭታለች፣ ዋነኛው ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው ሲሆን የሁለት ኬሚካሎች ድብልቅ ነበር፣ አንዱ እውነትም ቱ ፎር ዲ ነው። እስካሁን ሰው የሚያሰቃየው ግን ከሌላኛው፣ ከቱ ፎር ፋይቭ ቲ ጋር ፋብሪካው ሳያስበው አብሮ የመጣ ዲዮክሲን የሚባል ቆሻሻ ነው። ፀረ-አረሙ ፈርሷል፣ ዲዮክሲኑ አልፈረሰም። እዛው ቬትናም ዳናንግ አየር ማረፊያ ያለውን አፈር አውጥቶ በከፍተኛ ሙቀት አብስሎ ማጽዳቱ ያለቀው በ2018 ነው፣ ቢየንሆዋ ላይ ደግሞ ከዛ በኋላ ነው የተጀመረው። ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዓመቱ ነው።

አጎቴ ሁለተኛ ሐሳብ አመጡ፣ "እናቃጥለዋ!" እዚህ ጋ ነው ዲዮክሲን ወደኛ የሚመጣው። ዲዮክሲን ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም፣ ክሎሪን ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የፒቪሲ ፕላስቲክ ወይ የመርዝ ትራፊ ያለበት ጀሪካን፣ በደካማ እሳት ሲጨስ ይፈጠራል። በደምብ ለማጥፋት ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚነድ፣ ጭሱ ተይዞ የሚታጠብበት ልዩ ምድጃ ያስፈልጋል፣ እኛ አገር ያ አልነበረም። ለዛ ነው በየወረዳው መጋዘን ጊዜው አልፎ በርሜሉ እየዛገ ይፈስ የነበረው የተከማቸ ፀረ-ተባይ፣ ብዙው ለአንበጣና ለተምች ተብሎ የመጣ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል እንደገና እየታሸገ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ የተቃጠለው። በመጀመሪያው ዙር ብቻ 1,500 ቶን ያህል። አስቡት፣ በ100 ኪሎ ኩንታል ብታሰሉት 15,000 ኩንታል መርዝ። በርሜሉ ሲወጣ ግን የመጋዘኑ ወለልና ከስሩ ያለው አፈር ፊንላንድ አልሄደም።

"እንግዲያ እንቅበረው" አሉኝ ሦስተኛ። አሜሪካ ኒያግራ ፏፏቴ አጠገብ ላቭ ካናል የሚባል ያልተጨረሰ የቦይ ጉድጓድ ነበር፣ ሁከር የሚባል የኬሚካል ፋብሪካ ከ1942 እስከ 1953 ድረስ 20,000 ቶን ያህል ቆሻሻ ደፋበት፣ ጭቃ አለበሰውና መሬቱን ለትምህርት ቤት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው። ላዩ ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያውን ቤት ተሠራ። በ1970ዎቹ ብዙ ዝናብና በረዶ ሲጥል ጉድጓዱ ሞላና የተቀበረው ወደ ሰው ምድር ቤት ሰርጎ መውጣት ጀመረ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሣር ላይ ታየ፣ በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች እንዲወጡ ተደረገ። የቀበረ ሰው ሲሞት ወይ ሲሄድ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ አይኖርም፣ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው። የኛን ምርጊትም ጓሮ ብንቀብረው የዛሬ 20 ዓመት አንዱ ልጃችን ጉድጓድ ውሃ ሊቆፍርበት ይችላል።

አፈሩ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ከሁሉ በላይ እኔን ያስደነገጠኝ የማርቲኒክና የጓዴሎፕ ነገር ነው፣ በካሪቢያን ባሕር ላይ ያሉ የፈረንሳይ ደሴቶች። የሙዝ ነቀዝ ለማጥፋት ክሎርዴኮን የሚባል መርዝ ከ1972 እስከ 1993 ተደፋባቸው፣ ፈረንሳይ ዋናው ምድሯ ላይ በ1990 ከከለከለች በኋላ እንኳን እዛ ቀጥሏል። ዛሬ ከአዋቂው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ደሙ ውስጥ አለበት። አፈሩ ላይ ከአሥርት እስከ መቶዎች ዓመታት ይቆያል ነው የሚባለው። ሙዙን ብዙም አይነካውም፣ ከፍ ብሎ ነው የሚያፈራው፣ የሚነካው መሬት ውስጥ የሚያፈራውን ነው፣ ስኳር ድንችን፣ ሥራ ሥርን። ጎጃም ስንት ሰው ነው ድንች ላይ የሚኖረው? ካሮቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱ?

ደግሞ አፈራችን የትም የሚሄድ አፈር ነው። እነዚህ ውሃ የማይወዱ መርዞች ከጭቃው ቅንጣትና ከብስባሹ ጋር ነው የሚጣበቁት። ሐምሌ ላይ ከጮቄ የሚወርዱትን ወንዞች ያየ ሰው ውሃው አፈር እንደሆነ ያውቃል፣ ስለዚ ዝናቡ መርዙን ባያሟሟውም አፈሩን ይዞት ሲሄድ መርዙንም ይዞ ይሄዳል፣ ከማሳ ወደ ብር ወንዝ፣ ከብር ወደ አባይ። እርከን መሥራት ለምርት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይሄንንም ይጨምርበት።

ሌሎቹን ባጭሩ። እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ኬሚካላዊ እስር ሳይሆኑ ራሳቸው ንጥረ ነገር ስለሆኑ ግማሹ በዚህን ያህል ዓመት ያልቃል የሚባል ነገር የላቸውም፣ አይፈርሱም። ዛምቢያ ካብዌ የእርሳስ ማዕድኑ የተዘጋው በ1994 ነው፣ ልጆች ደም ውስጥ ግን አሁንም እርሳሱ አለ። የሶላር ወይ የመኪና ባትሪ ሲያረጅ ለልጆች መጫወቻ አትስጡ፣ ውስጡን ጓሮ አትድፉ። ከወደቀ አሮጌ ትራንስፎርመር የሚፈስ ዘይት ደግሞ ፒሲቢ ሊኖርበት ይችላል፣ ለምጣድም፣ ለቁስልም፣ ለእንጨትም አይሁን። አገራችን በፈረመችው፣ እንዲህ የሚቆዩ መርዞችን ለማስቀረት በወጣው የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት ፒሲቢ ያለባቸው ዕቃዎች ከአገልግሎት መውጣት የነበረባቸው እስከ 2025 ነው፣ ሙሉ በሙሉ መወገድ ያለባቸው እስከ 2028። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በ2004 ሲሆን መጀመሪያ 12 ኬሚካሎች ነበሩበት፣ ዲዲቲ አንዱ ነው፣ እንደ ወባ ያለ በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመግደል ብቻ ካልሆነ በስተቀር እንዳይውል ተብሎ። እኛም ጋ ትንኟ ስለለመደችው በሌላ ተተክቷል። አትክልትና ጥጥ ላይ ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋን በ2011 ተጨመረ። ነጋዴ "የድሮው ጠንካራው ነው" ብሎ ምልክት የሌለው ጠርሙስ ሲሸጥላችሁ ጠንካራ የሚለው ምን ማለት እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ባዶ ጀሪካን ነገር ግን በጣም ነው የሚያሳስበኝ። ስንቱ ቤት የፀረ-አረም ጀሪካን በሙቅ ውሃና በአመድ ታጥቦ ጠላ ይያዝበታል፣ ዘይት ይገዛበታል። ፕላስቲኩ ራሱ መርዙን ይመጠዋል፣ ታጥቦ የሚወጣው የላዩ ነው፣ ከዛ ጠላውና ዘይቱ ቀስ እያለ ይስበዋል። መደረግ ያለበት ባዶ እንደሆነ ወዲያው ሦስት ጊዜ በውሃ አለቅልቆ እጣቢውን ያንኑ ማሳ ላይ መርጨት፣ ከዛ ጀሪካኑን በወስፌም በምስማርም በስቶ ዕቃ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ወንዝ ዳር አይታጠብ፣ አሳው ላይ ነው የሚደፋው።

ወደ ምርጊቱ ልመለስ። የተጋዘውን በሙሉ ከጓሮ መልሰን አወጣነው፣ ልጆቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ አፈሩን ውሃ እያርከፈከፍን አቧራው እንዳይነሳ። ከጉድጓድ ውሃው ራቅ ያለ፣ ጎርፍ የማያገኘው ቦታ ላይ ከመርነው፣ ከላዩ ንጹህ አፈር ሁለት ክንድ አለበስነው፣ ዶሮ እንዳይጭረው በእሾህ አጠርነው፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ተከልንበት፣ የማይበላ ነገር ስለሆነ። ሠፈሩ ሁሉ አየ፣ ቦታውም ይታወቃል። በቂ ነው አልልም፣ ግን ጎመኑ ላይ ከመሆን ይሻላል።

በነጋታው አጎቴ ከቆጡ ላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አውርደው አመጡልኝ፣ ምንም ሳይናገሩ። ውስጡ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት አለ፣ ከድሮ ርጭት ጊዜ የተረፈ፣ ለዘር በቆሎ ይለውሱበት የነበረ። እምዬ ናት ያስቀመጠችው። ባለሙያ ጠይቀን እስኪሰበሰብ ድረስ ታሽጎ፣ ሰውና ከብት በማይደርስበት ይቀመጥ ተባልን፣ ጣሳውን በሁለት ላስቲክ አስረን ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ከተን ሰቀልነው። ጣሳው ላይ "የነቀዝ መድሃኒት" የሚል ያረጀ ጽሑፍ ነበረበት፣ የአጎቴ ልጅ ባልዲው ላይ በትልቁ "መርዝ" ብላ ጻፈችበት። እስካሁን የሚወስደው አልመጣም፣ እዛው ተሰቅሏል።